የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ለነገ የሚያሳድሩ ተማሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአዲስ አበባ ዳርቻ ካሉት ከቱሉ ዲምቱ፣ ከቦሌ አራብሳ ወይም ከየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም እየተመላለሰ የሚማር የመጨረሻ ዓመት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ዛሬ ነገ እያለ ወራት ሲያስቆጥር፣ ቤተሰቡም ሆነ መምህሩ የሚሰጡት ምክር አብዛኛውን ጊዜ «ጠንክር እንጂ» ከማለት አይዘልም። ምክሩ ከቅን ልብ የመጣ ቢሆንም ችግሩን ስለሚስተው ፋይዳው አነስተኛ ነው።

የመጀመሪያውና ሌሎቹን የሚወልደው ስህተት ማዘግየትን ስንፍና ብሎ መፈረጅ ነው። ጽሑፉን የሚሸሸው ተማሪ በዚያው ሰዓት ልብስ ያጥባል፣ ቤት ያጸዳል፣ ታናሽ እኅቱን የቤት ሥራ ያሠራል። ላፕቶፑ ሲከፈት የሽፋን ገጹ አምሮበታል፤ የዩኒቨርሲቲው አርማ መሀል ላይ ተስተካክሎ ተቀምጧል፤ የአማካሪው ስም ከነማዕረጉ በጉልህ ተጽፏል፤ «የጥናቱ መነሻ ችግር» ከሚለው ርእስ ሥር ግን አንድም መስመር የለም። ተማሪው የሸሸው ሥራን ሳይሆን ያ ባዶ ቦታ የሚቀሰቅስበትን ፍርሃት ነው፤ «አልችለው ይሆን? አማካሪዬ ምን ይለኝ ይሆን?» የሚለውን። ፉሺያ ሲሮይስና ቲሞቲ ፒቺል የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2013 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ማዘግየት በዋናነት ለጊዜው ከመጥፎ ስሜት መገላገልን ከወደፊቱ ጥቅም ማስቀደም እንደሆነ አስረድተዋል። ስለዚህ «ዛሬ ምዕራፍ አንድን እጨርሳለሁ» ብሎ ከመነሣት ይልቅ ጥናቱ ለምን እንዳስፈለገ ማንም በማያየው ወረቀት ላይ በሦስት ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ መወሰን ይሻላል፤ እንዲህ ያለው ሥራ ለፍርሃት ብዙ ቦታ አይተውም።

ሁለተኛው ስህተት ዕቅድን በሌለ ጊዜ ላይ መመሥረት ነው። በ1994 እ.ኤ.አ. ቡህለር፣ ግሪፊንና ሮስ ባሳተሙት ጥናት፣ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በመሥራት ላይ የነበሩ ተማሪዎች መቼ እንደሚጨርሱ ተጠይቀው በአማካይ 33.9 ቀናት ገምተው ነበር። ሁሉም ነገር ቢበላሽስ ሲባሉ ግምታቸውን ወደ 48.6 ከፍ አደረጉ፤ በተግባር የፈጀባቸው ግን 55.5 ቀናት ነበር። የከፋውን አስበው የገመቱት እንኳ አልበቃም ማለት ነው። በከተማዋ ዳርቻ ለሚኖር ተማሪ ደግሞ የመገናኛው የታክሲ ሰልፍ፣ የመብራት መጥፋትና የኢንተርኔት መቆራረጥ ድንገተኛ አደጋዎች ሳይሆኑ የሳምንቱ መደበኛ ክፍሎች ናቸው። ከአራት ኪሎ ወይም ከስድስት ኪሎ ወጥቶ ማታ ቤቱ የሚገባ ሰው «ከእራት በኋላ ሦስት ሰዓት እጽፋለሁ» ሲል ራሱን ያታልላል፤ ሳይችል ሲቀርም ጥፋቱን በዕቅዱ ላይ ሳይሆን በራሱ ላይ ያላክካል። የሚሻለው መጻፍ የሚጠይቀውን ክፍል ጠዋት ወይም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሠርቶ፣ ሰልፉን በስልክ ላይ ለተጫነ ንባብ ማዋል ነው። ቆሞ መጓዝ ግድ በሆነበት አውቶቡስ ውስጥ ይህም የማይሆንበት ቀን ስለሚኖር፣ በዚያ ቀን ምንም ባለመሥራት መጸጸት አያስፈልግም።

«እኔ የምሠራው ስጣደፍ ነው» ብሎ ማመንም ብዙዎችን ይጎዳል። ታይስና ባውማይስተር በ1997 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ የሚያዘገዩ ተማሪዎች በሴሚስተሩ መጀመሪያ ከሌሎቹ ያነሰ ጭንቀትና ሕመም ነበረባቸው፤ መገባደጃው ላይ ግን ሁለቱም በልጠውባቸው፣ ውጤታቸውም ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። የመጨረሻዎቹን ሌሊቶች በቡና ወይም በጫት ማንጋት ጉዳቱን ያባብሳል፤ በቀን የተነበበው በአእምሮ የሚጸናው በእንቅልፍ ጊዜ ጭምር በመሆኑ እንቅልፍ ያጣ ተማሪ ያነበበውንም ያጣል።

አራተኛው ከአማካሪ መደበቅ ነው። ተማሪው ረቂቁ ስላልደረሰ ስልክ አያነሣም፤ ባላነሣ ቁጥር ኀፍረቱ ይበረታል፤ ኀፍረቱ በበረታ ቁጥር ረቂቁን መክፈት ያስጠላዋል። ሁለት ገጽ የተዝረከረከ ጽሑፍ ልኮ መታረም ይህን አዙሪት ይሰብራል፤ አብዛኞቹ አማካሪዎች በእኔ ግምት የሚበሳጩት በደካማ ረቂቅ ሳይሆን በዝምታ ነው።

አምስተኛው ባለፈው ጊዜ ራስን መግረፍ ነው። ቤተሰብ «ስንት የለፋንብህ» ሲል ተማሪው ወቀሳውን ተቀብሎ በራሱ ላይ ይደግመዋል። ዎል፣ ፒቺልና ቤኔት በ2010 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ ለመጀመሪያው ፈተና ማጥናትን በማዘግየታቸው ራሳቸውን ይቅር ያሉ ተማሪዎች ለቀጣዩ ፈተና ያዘገዩት ያነሰ ነበር። ይህ ለልጃቸው ለሚጨነቁ ወላጆችም ሊነገር ይገባል።

የመጨረሻው ስህተት ሕመምን ማዘግየት ብሎ ማለፍ ነው። ተማሪው ጽሑፉን ብቻ ሳይሆን ይወዳቸው የነበሩትን ነገሮች ሁሉ ከተወ፣ እንቅልፉና የምግብ ፍላጎቱ ከተለወጠ፣ ሐዘኑም ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ካልለቀቀው ድብርት ሊሆን ስለሚችል የዕቅድ ምክር አይበቃውም። ራሱን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣበትማ ሁለት ሳምንት መጠበቅም አያስፈልግም። ከዩኒቨርሲቲው የምክር አገልግሎት ቢሮ መጀመር ይቻላል፤ ሕክምና ካስፈለገ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፤ በኮተቤ አቅጣጫ ለሚኖሩ ደግሞ የአእምሮ ሕክምና የሚሰጠው የካ ኮተቤ ሆስፒታል ይቀርባቸዋል። ብቻውን ለመሄድ የሚከብደውን ተማሪ ጓደኛው ወይም ታላቅ ወንድሙ ቢሸኘው መልካም ነው።