ቦሎቄው አልበስል ሲል

ሌሊቱን ተዘፍዝፎ አድሯል። ሁለት ሰዓት ተቀቅሏል። ጥርስ ላይ ግን አሁንም ጠጠር ነው። እንዲህ ያለ ድስት ስንት ጊዜ ከፍቼ እንዳየሁ አላስታውስም። ብዙ ሰው ወዲያው እሳት ይጨምራል። ችግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ እሳቱ ጋ አይደለም።

የቦሎቄን ሴሎች አጣብቆ የያዛቸው ፔክቲን ነው፤ ማርማላታን የሚያረጋው ያው ፔክቲን። ቦሎቄ በሰለ የምንለው ሙቀቱ ይህን ማጣበቂያ ሰባብሮ ሲያሟሟው ነው። ካልበሰለ ፔክቲኑን እንዳይሟሟ የያዘው ነገር አለ ማለት ነው።

ምልክት፦ መለስለስ ጀምሮ ነበር፤ ከዚያ ባለበት ቆመ።

ቲማቲም ነው። ከሁሉ በላይ የሚገጥመኝ ይሄ ነው። የቲማቲም ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) 4.5 አካባቢ ነው፤ እንዲህ ባለ አሲድ ውስጥ ፔክቲን የሚሰባበረው በጣም ቀስ ብሎ ነው። ሎሚና ኮምጣጤም ያው ናቸው። አንዲት ጎረቤቴ አራት ሰዓት ሙሉ ጥዳ ጠራችኝ። «ድንጋይ ነው የሸጡልኝ» አለች። ቲማቲሙን መቼ እንደጨመረች ጠየቅኳት። «ከሽንኩርቱ ጋር፣ መጀመሪያ ላይ።» ከዚያው ድስት አንድ እፍኝ ቦሎቄ አወጣሁ፤ አጥቤ በንጹህ ውሃ ለብቻው ጣድኩት። ሰዓት ሳይሞላው ፈረሰ። ቦሎቄው ምንም አልነበረበትም።

የታሸገ የተከተፈ ቲማቲም ደግሞ ይብሳል። ቅርጹን እንዳያጣ ብዙ ጊዜ ካልሲየም ክሎራይድ ይጨመርበታል። ካልሲየም የፔክቲን ሰንሰለቶችን እርስ በርስ ያስራቸዋል። እባካችሁ ጣሳው ላይ የተጻፈውን አንብቡ።

መፍትሄ፦ ቲማቲም የሚገባው ቦሎቄው በሁለት ጣት ሲጫን ሙሉ በሙሉ ሲፈርስ ነው። «ትንሽ ነው የቀረው» ብላችሁ ከጨመራችሁ፣ ያቺ ትንሽ እንደቀረች ትቀራለች። ሳይበስል ከገባ ግን ቦሎቄውን አውጥታችሁ እጠቡ፤ በንጹህ ውሃ አብስሉትና ወደ ስጎው መልሱት።

ምልክት፦ ቲማቲም የለም፤ ግን ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋገራል፣ ሳሙናም አረፋ አይሰጥም።

እዚህ ጥፋቱ የውሃው ነው፤ ካልሲየምና ማግኒዥየም በዝቶበታል። በ1 ሊትር ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምሩ። ሩብ! አንድ ወዳጄ በሾርባ ማንኪያ ጨምሮ ሳሙና ሳሙና የሚል ገንፎ አወጣ። ሶዳ ሲበዛ ቫይታሚን ቢ1ንም ያጠፋል። የአሉሚኒየም ድስት ውስጥ አታድርጉት፤ ድስቱን ይበላዋል፣ ያጠቁረዋል።

«ጨው ቦሎቄ ያጠነክራል» የሚባለውን ተዉት። በ1 ሊትር መዘፍዘፊያ ውሃ 15 ግራም ያህል ጨው ጨምራችሁ አሳድሩት፤ የጨው ሶዲየም ልጣጩ ውስጥ ያለውን ካልሲየም እየተካ ያለሰልሰዋል። ጠዋት ውሃውን ድፉትና እጠቡት።

ምልክት፦ ግማሹ ላሽቋል፣ ግማሹ ጠጠር ነው።

አሮጌና አዲስ ተደባልቋል። ሙቀትና እርጥበት ባለበት መጋዘን ወራት የከረመ ቦሎቄ በውስጡ የነበረው ካልሲየም ተለቆ ፔክቲኑ ላይ ይታሰራል። ይህን ከአዲስ ጋር ቀላቅሎ መሸጥ ያናድደኛል፤ የሰው ጉልበትና ነዳጅ ያባክናል። ጨውና ሶዳ ሞክሩ። ካልሆነ አትልፉ።

ከፍታ ቦታ፦ 2,400 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ፕሬዠር ኩከር ይሻላል። ከግማሽ በላይ አትሙሉት፤ አረፋው የእንፋሎት መውጫውን ይደፍናል። እንፋሎቱ ሳይወጣ አትክፈቱት።

ቀይ ቦሎቄ ከሆነ አንድ ነገር አደራ። ጥሬው ውስጥ ፋይቶሄማግሉቲኒን የሚባል መርዛማ ፕሮቲን አለ። አራት አምስት ፍሬ እንኳ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ክፉኛ ሊያስመልስ ይችላል። የተዘፈዘፈበትን ውሃ ደፍታችሁ፣ በአዲስ ውሃ ቢያንስ 30 ደቂቃ በደንብ ይንተክተክ። ቀስ ብሎ በሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት ከጥሬው አትጀምሩት። 80 ዲግሪ ላይ ብቻ የቆየ ቦሎቄ ከጥሬው የባሰ ሊመርዝ ይችላል።