የፍሬን ዘይት ሲቀይሩ የዘይት ማጠራቀሚያው ዕቃ እንዳይደርቅ

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ፣ ባለ አራት ጎማ ሞተርዎ ብዙ ባይነዳም እንኳ በየ2 ዓመቱ ሊቀየርለት ይገባል፤ ዶት 4 የተባለው የፍሬን ዘይት ዓይነት አዲስ ሲሆን እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ሲቆይ፣ ውኃ የጠጣው ግን 155 አካባቢ ሊፈላ ይችላል።

በማስተንፈሻው ቡሎን (አሮጌው ዘይትና አየር በሚወጣበት የፍሬኑ ቡሎን) ላይ ብርሃን የሚያሳይ ቀጭን ቱቦ ሰክተው ጫፉን ጥቂት ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይንከሩት። የፍሬኑን እጀታ ጨብጠው እንደያዙ ቡሎኑን ሩብ ዙር ያህል ይፍቱ፣ እጀታውን ከመልቀቅዎ በፊት መልሰው ያጥብቁት፤ አረፋው ጠፍቶ፣ የጠቆረውም ዘይት ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ ይደጋግሙት። በመካከሉ የላይኛውን የዘይት ማጠራቀሚያ ዕቃ መሙላት ከረሱ (እኔም ረስቼ አውቃለሁ) አየር ይገባና ሥራው እንደገና ከመጀመሪያው ይሆናል። ዘይቱ ቀለም ስለሚልጥ፣ የፈሰሰውን ወዲያውኑ በውኃ ይጠቡት።