ባዮሎጂክ መድኃኒት ከተመዘገበበት ሕመም ውጭ ሲታዘዝ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ፓዮደርማ ጋንግሪኖሰም ለተባለው በፍጥነት ለሚሰፋ ቁስል ኢንፍሊክሲማብ የተባለውን ባዮሎጂክ (ከሕያው ሴል የሚሠራና የሰውነት መከላከያን አንድ ክፍል የሚያግድ መድኃኒት) ማዘዝ፣ መድኃኒቱ ለዚህ ሕመም ባይመዘገብም፣ ያለ ማስረጃ የሚደረግ ድፍረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ 30 ሕሙማንን ባካተተ ጥናት፣ በኪሎ 5 ሚሊግራም ከተሰጣቸው 46 በመቶው በሁለት ሳምንት ውስጥ ሲሻሻሉ፣ አስመሳይ መድኃኒት ከተሰጣቸው ግን የተሻሻሉት 6 በመቶው ብቻ ነበሩ። ቅሬታዬ በአጀማመራችን ላይ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ናሙና ሳይወስዱ መጀመር ነው። ይህን ቁስል ለይቶ የሚያረጋግጥ አንድ ምርመራ ስለሌለ፣ በተለይ በደጋ ለኖረ ሰው ቁንጭር፣ የቆዳ ቲቢና ጥልቅ የፈንገስ ሕመም አስቀድመው ሊገለሉ ይገባል። መነካካት ቁስሉን ያባብሳል የሚለው ስጋት እውነትነት አለው፤ ሆኖም ከጠርዙ ትንሽ ናሙና ላለመውሰድ ምክንያት አይሆንም።

ትዕግሥቴን የሚያሟጥጠው ግን የቲቢ ጉዳይ ነው። ሰውነት የቲቢን ባክቴሪያ አጥሮ የሚይዝበት ግራኑሎማ ጸንቶ የሚቆየው ቲኤንኤፍ በተባለው ፕሮቲን ሲሆን፣ ኢንፍሊክሲማብና አዳሊሙማብ የሚያግዱት ይህንኑ ፕሮቲን ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ኢንፍሊክሲማብ ከወሰዱ በኋላ ቲቢ እንደያዛቸው ከተዘገቡት 70 ሕሙማን 48ቱ የታመሙት ሦስት ጊዜ ወይም ከዚያ ያነሰ ወስደው ነበር፤ የ40ዎቹም ሕመም ከሳንባ ውጭ ነበር። ይህ ሁሉ እየታወቀ ክንድ ላይ በመርፌ የሚደረገው የቲቢ የቆዳ ምርመራ ኔጌቲቭ ነው ተብሎ በማግስቱ የሚጻፍ ማዘዣ አሁንም ይደርሰኛል። ሕመምተኛው የሰውነት መከላከያን የሚያዳክመውን ፕሬድኒሶሎን ለወራት ሲውጥ ከርሞ ክንዱ ባያብጥ ምን ያስደንቃል? የደረት ራጅ ይነሳ፣ በቤቱ ቲቢ የታከመ ሰው እንደነበረም ይጠየቅ፤ ድብቅ ቲቢ ከተገኘ የመከላከያው ሕክምና ቢያንስ አንድ ወር ይቅደም። ጎንደር አድጎ ሚኒያፖሊስ ወይም ፍራንክፈርት ለሚኖር ሰውም ጥያቄው ያው ነው።

የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ መዝለል ሰበብ የለውም።

ሁሉንም ባዮሎጂክ አንድ አድርጎ ማየትም ያሳስታል። ኤታነርሴፕት ቲኤንኤፍን ቢያግድም በብብትና በብሽሽት ደጋግሞ መግል ለሚቋጥረው ሂድራዴኒቲስ አልጠቀመም፤ ሌላ ፕሮቲን የሚያግደው ሴኩኪኑማብ ደግሞ ያልታወቀ የክሮን ሕመምን (ሥር የሰደደ የአንጀት ቁጣ) ሊቀሰቅስ ስለሚችል፣ ስለ ተቅማጥና ደም ስለተቀላቀለበት ሰገራ ሳይጠይቁ መጀመር አይገባም። አዳሊሙማብን ሶርያሲስ ለተባለው ቆዳን ለሚያቀላና ለሚያስቀርፍ ሕመም በሚሰጠው መጠን ሰጥቶ ለሂድራዴኒቲስ አልሠራም ማለትም ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ለዚህ ሕመም የተፈቀደው መጠን በየሳምንቱ 40 ሚሊግራም ነው።

የወራት አቅርቦት ሳያረጋግጡ ኢንፍሊክሲማብ መጀመር ሌላው ጥፋት ነው፤ ተቋርጦ ሲቀጠል ሰውነት ፀረ እንግዳ አካል ስለሚያዘጋጅበት አለርጂ ሊያስነሳ ይችላል። ከባሕር ማዶ በዘመድ ሻንጣ የሚመጣው መርፌም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ቅዝቃዜ ውስጥ ስለመቆየቱ ሳይጠየቅ አይወጋ።