በጋራ ሕንፃ ከጎረቤት ጋር በቤት ቁጥር ስትጣሉ ነገሩን እንዴት መፍታት ይቻላል?

በጋራ ሕንፃ ውስጥ ጠብ የሚነሳው ብዙ ጊዜ በውኃ፣ በድምፅ ወይም በደረጃ ጽዳት ነው። የቤት ቁጥር ጠብ ግን ከሁሉም ይከፋል። ቁጥሩ በሩ ላይ ብቻ አይደለማ! ካርታው ላይ አለ። የባንክ ብድሩ ላይ አለ። የመብራትና የውኃ ውሉ ላይ፣ የቀበሌ መታወቂያው ላይ አለ። ሁለት ጎረቤታሞች «203 የኔ ነው» ሲባባሉ አንዱ የሚያወራው በሩ ላይ ስለተቀባው ቁጥር፣ ሌላው ስለ ቤቱ ባለቤትነት ሊሆን ይችላል። ሳይግባቡ ወራት ያልፋሉ፤ ሰላምታም ይቀራል።

ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስን በመሰሉ የጎጃም ከተሞች በፎቅ ላይ መኖር እየተለመደ ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ይዞ የሚፈታበትን መንገድ ልጻፍላችሁ።

መጀመሪያ፦ ጠቡ ስለምን እንደሆነ ለዩ

ለራሳችሁ አንድ ጥያቄ አቅርቡ። በሮቹ ላይ ያሉት ቁጥሮች ሁሉ ዛሬ ማታ ቢጠፉ፣ ከሁለታችሁ አንዱ የሌላውን ቤት «የኔ ነው» ይላል? መልሱ «አይልም» ከሆነ ችግሩ የጽሑፍ ነው። በጥቂት ቀናት ሊያልቅ ይችላል። መልሱ «አዎ» ከሆነ ግን የባለቤትነት ጉዳይ ነውና ከመጀመሪያው ጥንቃቄ ይፈልጋል።

የጽሑፍ ስህተት የሚመጣባቸው መንገዶች ይታወቃሉ። ዋናው የፎቅ አቆጣጠር ነው። አንዱ ግራውንዱን አንድ ብሎ ይጀምራል፤ ሌላው ግራውንዱን ትቶ ከበላዩ ያለውን አንደኛ ፎቅ ይላል። በዚህ አቆጣጠር በአንድ ሕንፃ ሁለት 203 ይኖራል፤ አንዱ ከሌላው በአንድ ፎቅ ይበልጣል። ሌላው ደግሞ አቅጣጫ ነው። ከደረጃ ስትወጡ ቆጠራው ከግራ ነው ወይስ ከቀኝ የሚጀምረው? በአንዱ ፎቅ ከግራ፣ በሌላው ከቀኝ የተቆጠረበት ሕንፃ አለ። ሥራ ተቋራጩ በቀለም የጻፈው ቁጥር አንድ፣ ኋላ ነዋሪው ያሠራው የቆርቆሮ ሰሌዳ ሌላ የሚሆንበት ጊዜም አለ። የብሎክ ቁጥር መዘለል ደግሞ ተራ ነገር ነው፤ ብሎክ 4 ላይም ብሎክ 5 ላይም 203 አለና።

ምንም ከማለታችሁ በፊት ወረቀታችሁን አውጡ

የዕጣ ወይም የድልድል ደብዳቤ፣ የሽያጭ ውል፣ ቁልፍ ስትረከቡ የፈረማችሁበት የርክክብ ሰነድ፣ ካርታ ካላችሁም ካርታው። ሁሉንም በአንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉና አምስት ነገር ፈልጉ፦ ብሎክ፣ ፎቅ፣ የቤት ቁጥር፣ የመኝታ ብዛትና ስፋት በካሬ ሜትር።

ብዙ ሰው ቁጥሩን ብቻ አይቶ ወረቀቱን ያጥፈዋል። እኔ ግን ስፋቱንና የመኝታውን ብዛት አብልጬ አምናቸዋለሁ። ቁጥር በአንድ ጸሐፊ እጅ ሊሳሳት ይችላል። ባለ አንድ መኝታ ቤት ግን ባለ ሁለት መኝታ አይሆንም።

የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ሕንፃው ሲመዘገብ እያንዳንዱ ቤትና የጋራ መጠቀሚያው የሚገለጽበት ሰነድ እንዲኖር ያዛል። የቤት ባለቤቶች ማኅበርም በዚሁ አዋጅ ይቋቋማል። ስለዚህ የማኅበሩን ሰብሳቢ ወይም የሚመለከተውን የከተማ አስተዳደር ቢሮ «የፎቁን ፕላን ማየት እንችላለን?» ብላችሁ ጠይቁ። ፕላኑ ላይ የቤቶቹ ቅደም ተከተል ከተጻፈ ግማሹ ክርክር እዚያው ያልቃል።

በዚሁ ቀን የሁለቱንም በር ፎቶ በስልክ አንሱ። ማንም ሰው ቁጥር ሊያጠፋ ወይም ሊቀይር ይችላል፤ የነበረውን የሚያሳይ ነገር ይኑራችሁ።

ጎረቤታችሁን አነጋግሩ

ደረጃ ላይ አታነጋግሯቸው። ልጆቻቸው ባሉበትም አይሁን። በተለይ የሕንፃው ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አትጻፉት፤ ሰው በብዙ ጎረቤት ፊት ከተወቀሰ በኋላ ትክክል መሆኑን ለማሳየት ሲል ብቻ ግትር ይሆናል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወይም ቡና በሚፈላበት ሰዓት በራቸውን አንኳኩ። ሙስሊም ጎረቤት ከሆኑ ከሶላት ሰዓት ውጭ ይሁን።

አነጋገሩ ቀላል ነው። «እትዬ፣ እንደምን ዋሉ? የኔ ወረቀት 203 ይላል። የእርስዎም በር ላይ 203 ተጽፏል። የቢሮው ስህተት ይሁን የቀቢው አላወቅሁም። ወረቀታችንን አብረን ብናየው ምን ይመስልዎታል?» በዚህ አነጋገር ማንም አልተወነጀለም። እሳቸውም ወረቀታቸውን ለማውጣት አያፍሩም።

በሩን የከፈተው ተከራይ ከሆነ ነገሩን ለሱ አትንገሩ፣ አታስፈራሩትም። ተከራይ በባለቤትነት ጉዳይ መስማማትም መፈረምም አይችልም። የአከራዩን ስልክ ብቻ ጠይቁት።

ሦስት ነገር ፈጽሞ አታድርጉ፦ የሌላውን ቁጥር አታጥፉ፣ ሰሌዳ አታንሱ፣ ቁልፍ አትቀይሩ። መብቱ የናንተ ቢሆን እንኳ በእንዲህ ያለ ሥራ ራሳችሁ ተከሳሽ ትሆናላችሁ።

አብራችሁ ለኩ፤ ቆጣሪውንም ፈትኑ

ሜትር ይዛችሁ የሁለቱንም ቤት ውስጥ ለኩ። ወረቀቱ ላይ ያለው ስፋት የግድግዳውን ውፍረት ወይም የበረንዳውን ድርሻ ጨምሮ ሊሆን ስለሚችል፣ የለካችሁት ከወረቀቱ ጋር በትክክል ባይገጥም አትደንግጡ። የሚጠቅማችሁ ንጽጽሩ ነው። የማን ወረቀት ሰፊውን፣ የማን ወረቀት ጠባቡን ይላል? ሁለቱ ቤቶች እኩል ከሆኑ ግን መለኪያው አይረዳችሁም፤ ወደ ፕላኑ ተመለሱ።

ቀጥሎ የመብራት ቆጣሪው። ቁጥር የተምታታበት ቤት ብዙ ጊዜ ቆጣሪውም ይምታታል። አንዱ የሌላውን ፍጆታ ሲከፍል ይኖራል። ካርድ የሚሞላበት ቆጣሪ ከሆነ ደግሞ ሞልታችሁ የጎረቤት ቤት ይበራል። ይህን ለማወቅ ባለሙያ አያስፈልግም።

ሁለታችሁም በየቤታችሁ ያለውን መብራት ሁሉ አጥፉ፤ ፍሪጁንም ንቀሉ። ከዚያ በአንደኛው ቤት ብቻ የኤሌክትሪክ ምጣድ አብሩ። ምጣድ ብዙ ኃይል ስለሚስብ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። ታች ቆጣሪዎቹ ጋ አንድ ሰው ይቁም። የድሮው ቆጣሪ ከሆነ ዲስኩ በፍጥነት ይሽከረከራል፤ አዲሱ ከሆነ ትንሿ መብራት ቶሎ ቶሎ ብልጭ ትላለች። የሮጠው ቆጣሪ ላይ የተጻፈውን ቁጥር መዝግቡና በቢሉ ላይ ካለው ጋር አስተያዩት። ከዚያ ሁሉን አጥፍታችሁ በሁለተኛው ቤት ድገሙት። የታሸገውን ሳጥን ግን እንዳትነኩ፤ እሱ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሥራ ነው።

ውኃውም እንዲሁ ነው። የአንዱን ቆጣሪ መዝጊያ ዝጉና የማን ቧንቧ እንደሚቆም እዩ።

ቆጣሪው ተምታቶ ከተገኘ እስኪስተካከል ድረስ ሁለታችሁም መክፈል አታቁሙ። ክፍያ ያቆመ ሰው የሚያስቆርጠው የራሱን መስመር ላይሆን ይችላል። ያለፈውን ሒሳብ በየወሩ ቢል ደምሩና ብልጫ የተጠቀመው ለሌላው ይመልስ። በአንድ ጊዜ ካልቻለ በየወሩ ይክፈል። ገንዘቡ ላይ አትንጫጩ፤ ሳያውቅ የተጠቀመ ሰው ሌባ አይደለም።

ካልተስማማችሁ ሽማግሌ ጥሩ

ከሽማግሌ በፊት ለማኅበሩ ኮሚቴ መንገር ጥሩ ነው፤ ሰነዱ እነሱ ጋ ሊኖር ይችላል። ኮሚቴው ራሱ ወገን ከያዘ ግን እሱን አልፋችሁ ወደ ሽማግሌ ሂዱ።

በጎጃም የሽማግሌ ቃል አሁንም ትልቅ ክብር አለው። እናንተ አንድ ምረጡ፤ ጎረቤታችሁም አንድ ይምረጡ፤ ሦስተኛውን ሁለታችሁም የምታምኑት ሰው አድርጉት። ከእድሩ፣ ከጽዋ ማኅበሩ ወይም ከሕንፃው ነባር ነዋሪ ሊሆን ይችላል። ቢቻል ከሦስቱ አንዱ ፕላን ማንበብ የሚችል ይሁን። መምህርም ግንበኛም ሊሆን ይችላል።

ሽማግሌዎች መሐላ ሊጠይቁ ይችላሉ። እኔ በዚህ ጉዳይ አልመክርም። ወረቀትና ሜትር የሚያሳዩትን ነገር በመሐላ መጨረስ ኋላ ቂም ያመጣል፤ ስህተት የነበረው ሰው ዋሽቶ የማለ ይመስላልና። ሽማግሌዎቹ ቦታውን ወጥተው ይዩት። ደረጃውን ራሳቸው ይውጡ፤ በሮቹን ይቁጠሩ።

«ይቅር ለእግዜር» ተባብላችሁ ስትጨርሱ በቃል እንዳይቀር። በወረቀት ጻፉት፤ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ቤቱ የት እንዳለ የሚያሳይ ይሁን። ለምሳሌ፦ «በብሎክ 7፣ ከግራውንድ በላይ ሁለተኛው ፎቅ፣ ከደረጃ ሲወጣ በስተግራ ያለው ባለ አንድ መኝታ ቤት ቁጥሩ 203፤ በስተቀኝ በረንዳው ወደ ጣና የሚያየው ባለ ሁለት መኝታ ቤት ቁጥሩ 204 መሆኑን ተስማምተናል።» ሁለታችሁ፣ የትዳር ጓደኞቻችሁና ሽማግሌዎቹ ይፈርሙ። ስለ ያለፈ ቢል የተስማማችሁት ካለ መጠኑና የሚከፈልበት ቀን ይግባ።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው ነገር አለ። ሽማግሌ ቁጥር ማስማማት ይችላል፤ ካርታ መቀየር ግን አይችልም። የተሳሳተ ቤት ውስጥ ገብታችሁ ኖራችሁ «እንግዲህ በያለንበት እንርጋ» ብትሉ ቤት ተለዋወጣችሁ ማለት ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት መደረግ አለበት። የባንክ ዕዳ ካለበት ባንኩም ማወቅ አለበት። ያለዚህ የተደረገ ልውውጥ ልጆቻችሁ ላይ ይመጣል።

ስህተቱ የቢሮው ከሆነ

ሁለታችሁም ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዛችሁ ሁለቱም 203 የሚል ከሆነ፣ እርስ በርስ መጣላት ጉልበት መጨረስ ነው። በአንድ ማመልከቻ፣ በሁለት ፊርማ አብራችሁ ወደ ከተማ አስተዳደሩ ሂዱ። ሁለት ተከራካሪ አብሮ ሲቀርብ ባለሙያውም «ይካሰሳሉ» ብሎ ፋይሉን አይፈራውም።

ማመልከቻው አጭር ይሁን። ባለሙያ ቦታው ድረስ ወጥቶ እንዲያረጋግጥና ቁጥሩ ተስተካክሎ በደብዳቤ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። የወረቀቶቹን ኮፒ፣ የበሮቹን ፎቶ፣ የተስማማችሁበትንም አያይዙ። መዝገብ ቤት አስገብታችሁ ቁጥርና ቀን ሳትቀበሉ አትውጡ። «ነገ ና» የሚል ካለ በዚያ ቁጥር ትከታተላላችሁ።

ፍርድ ቤት

ሁሉም መንገድ ሲዘጋ ነው። ጎረቤት ቤታችሁ ገብቶ ወይም ቁልፍ ቀይሮ ካወካችሁ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1149 ሁከት እንዲወገድ ክስ ማቅረብን ይፈቅዳል። ጊዜው ግን 2 ዓመት ነው፤ ሽምግልና እየተባለ እንዳያልፍባችሁ ቀኑን ቁጠሩ። የባለቤትነት ክርክር ከሆነ ደግሞ በዚሁ ሕግ አንቀጽ 1195 ካርታ በስሙ የተሰጠው ሰው እንደ ባለቤት ይቆጠራል። ይህ ግን በማስረጃ የማይፈርስ ነገር አይደለም። የሚቀጥለው አንቀጽ ካርታው ሕግን ሳይከተል ወይም ሥልጣን በሌለው አካል እንደተሰጠ ማሳየት ለሚችል ሰው መንገድ ይከፍታል።

ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌለው ሰው የባሕር ዳርና የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች የሚሰጡትን ነፃ የሕግ ድጋፍ ይጠይቅ።

ቁጥሩ ከተስተካከለ በኋላ

የሚዘነጋው ይሄ ነው። በሩ ተቀብቶ ሰው እፎይ ይላል፤ መዝገቦቹ ግን በአሮጌው ቁጥር ይቀራሉ። የማስተካከያ ደብዳቤውን ኮፒ ይዛችሁ መጀመሪያ ወደ መብራትና ውኃ፣ ቀጥሎ ብድር ካለባችሁ ወደ ባንክ፣ ከዚያ ወደ ቀበሌ ሂዱ። ያከራያችሁት ከሆነ የኪራይ ውሉንም አድሱ። ለማኅበሩም አንድ ኮፒ ስጡ። ኮሚቴ በተቀየረ ቁጥር ነገሩን እንደገና ከማስረዳት ትድናላችሁ።

አዲሱን ቁጥር ስትጽፉ ከሥሩ በትንሹ «የቀድሞው 204» በሉ፤ ጎረቤታችሁም እንዲሁ ያድርጉ። መዝገቦቹ ሁሉ እስኪስተካከሉ ድረስ ቆጣሪ አንባቢም ሆነ እንግዳ በስህተት የሌላውን በር አያንኳኳም። የመጨረሻው የመብራትና የውኃ ቢል በአዲሱ ቁጥር ሲመጣላችሁ «የቀድሞው» የሚለውን ጽሑፍ ከበሩ ታጠፉታላችሁ።