ኒውትሪኖና ኮላይደር፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ውስጥ ፊዚክስ የሚያጠኑ ልጆች ፒያሳ ሻይ ይዘው ሲቀመጡ ጨዋታው ዞሮ ዞሮ ኒውትሪኖ ላይ ይደርሳል። ደስ ይለኛል። ይህች ኢምንት ቅንጣት መጠነ ቁሷን ከየት አመጣችው? ትልቅ ጥያቄ ነው። ግን የመመረቂያ ርዕስ ከመምረጣችሁ በፊት ልታጠሯቸው የሚገቡ ስህተቶች አሉ።

የመጀመሪያው «ኮላይደር (ቅንጣቶችን አፋጥኖ የሚያጋጭ ማሽን) የኒውትሪኖን መጠነ ቁስ ይለካል» የሚለው ነው። አይለካም። ጃፓን ያለው የኒውትሪኖ መመልከቻ ሱፐር ካሚዮካንዴ በ1998 እ.ኤ.አ. ኒውትሪኖዎች ከአንድ ዓይነት ወደ ሌላ እንደሚለዋወጡ አሳየ። ሁሉም መጠነ ቁስ አልባ ቢሆኑ እንዲህ አይለዋወጡም ነበር። ጀርመን ያለው ካትሪን የተባለ ሙከራ ደግሞ የመጠነ ቁሷን ጣሪያ ወደ 0.45 ኤሌክትሮን ቮልት አውርዶታል። የኤሌክትሮን መጠነ ቁስ በዚሁ መለኪያ 511,000 ነው። ጄኔቫ አጠገብ ባለው የሰርን ምርምር ማዕከል የሚገኘው ኮላይደር ኤልኤችሲ ፕሮቶኖችን የሚያጋጨው በ13.6 ትሪሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ስለሆነ ይህን ያህል ትንሽ ነገር እዚያ አይታይም። ኮላይደሩ የሚፈልገው መጠነ ቁሱን የሰጠውን አካል ነው።

«ሂግስ (ለሌሎች ቅንጣቶች መጠነ ቁስ የሚሰጠው መስክ) ሰጥቷታል፣ አለቀ» ማለትም ችኮላ ነው። ሊሆን ይችላል። ግን ያኔ ከሂግስ ጋር ያላት ትስስር ከኤሌክትሮን ትስስር ከሚሊዮን ጊዜ በላይ የደከመ መሆን አለበት። ብዙዎች ሲ-ሶው ወደሚባለው ሐሳብ የሚያዘነብሉት ለዚህ ነው፤ ከባድ አጋር ኒውትሪኖ አለ፣ እሱ በከበደ ቁጥር የእኛዋ ትቀላለች።

ቀጣዩ ስህተት በጣም ያሳስበኛል፤ ተማሪ ሲደሰት የሚሠራው ነውና። ከባዱ ኒውትሪኖ የራሱ ፀረ ቅንጣት ከሆነ በአንድ ግጭት ውስጥ ተመሳሳይ ቻርጅ ያላቸው ሁለት ሙዮኖች (የኤሌክትሮን ከባድ ዘመዶች) እና ሁለት ጄቶች (ከኳርኮች የሚወጡ የቅንጣት ጅረቶች) ሊወጡ ይችላሉ። ይህን ምልክት ፊዚክሰኞቹ ኩንግና ሴንያኖቪች በ1983 አመላክተዋል። የሚያምረው ነገር ሾልኮ የሚጠፋ ኒውትሪኖ የለም። ሁሉም ስለሚታይ የከባዱን መጠነ ቁስ መልሶ ማስላት ይቻላል። ታዲያ ስክሪን ላይ ሁለት ፖዘቲቭ ሙዮን ያየ ሁሉ «አገኘሁ!» ማለት የለበትም። ቢ ኳርክ የሚባለው ቅንጣት ሲበሰብስም (ወደ ሌሎች ቅንጣቶች ሲፈርስ) ሙዮን ይወጣል። ምልክቱን በሙዮን ፈንታ በኤሌክትሮን ከፈለጋችሁት ደግሞ ኤሌክትሮኑ በዲቴክተሩ ውስጥ ፎቶን ሊያፈልቅ፣ ፎቶኑም የኤሌክትሮንና የፖዚትሮን ጥንድ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ቻርጁ ተገልብጦ ይነበባል። መጀመሪያ እነዚህን ቁጠሩ።

ግጭቱ የተከሰተበትን ነጥብ ብቻ ማየትም አያዋጣም። ትስስሩ ደካማ ከሆነ ከባዱ ኒውትሪኖ ሚሊሜትሮች፣ አንዳንዴም ሜትሮች ተጉዞ ሊበሰብስ ይችላል።

«አልተገኘም፣ ስለዚህ የለም» የሚሉም አሉ። የኤልኤችሲ ሁለት ትልልቅ ዲቴክተሮች አትላስና ሲኤምኤስ የሚዘጉት በተወሰነ መጠነ ቁስና ትስስር ውስጥ ያለውን ክልል ነው። ከባዱ አጋር ኤልኤችሲ ፈጽሞ የማይደርስበት ከፍታ ላይም ሊሆን ይችላል።

የመጨረሻው የዳታ ነገር ነው። የሲኤምኤስ ዳታ በነጻ ይወርዳል ብላችሁ ትልልቁን ፋይል ሌሊቱን ሙሉ አታውርዱ። ኔትወርኩን ታውቁታላችሁ። ለማስተማሪያ የተዘጋጀ የሙዮን ጥንዶች ሠንጠረዥ አለ። የእያንዳንዱ ሙዮን ቻርጅ በራሱ ዓምድ ተቀምጧል፤ ኮምቦልቻ ግቢ ያለ ተራ ላፕቶፕ ይከፍተዋል። ተቃራኒ ቻርጅ ያላቸውን ለዩና 91 ጊጋ (ቢሊዮን) ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ወደ ሙዮን ጥንድ የሚበሰብሰውን የዜድ ቦዞን ቅንጣት ጉብታ ፈልጉ። ከዚያ ተመሳሳይ ቻርጅ ያላቸውን በዚያው ግራፍ ላይ አስቀምጧቸው።