ደም ብዛት ያለበት ሰው የብረት ክምችቱን እንዴት ይመርመር?

ፒያሳ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ተራ ስጠብቅ፣ ከፊቴ የነበሩ እናት ለፋርማሲስቷ «የኔ ልጅ፣ አምና ደም ብዛት አለብሽ ተባልኩ፤ ዛሬ ደግሞ ደም ማነስ ይሉኛል። የትኛውን ልመን?» አሏት። «ሁለቱንም፣ እማዬ» አለቻቸው። ልክ ነበረች። እናትየዋን ያሳሳታቸው ስሙ ነው። ደም ብዛት ሲባል ደም የተትረፈረፈ ይመስላል፤ የሚለካው ግን ደሙ የደም ሥሩን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ነው። ደም ማነስ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ በብረት የሚሠራውና ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ክፍል፣ የሄሞግሎቢን ማነስ። ስለዚህ «ደሜ ብዙ ነው» ብሎ የታዘዘ ብረት መተውም፣ ስላዞረን ብቻ ብረት ገዝቶ መዋጥም ስህተት ነው።

ያም ሆኖ ብረትና ግፊት የሚገናኙበት መንገድ አለ። ሰውነታችን ከ3 እስከ 4 ግራም ብረት ይይዛል። ከምግብ የሚቀበለው በቀን 1 ወይም 2 ሚሊግራም ነው፤ ትርፉን ግን የሚያስወግድበት መንገድ የለውም። የወር አበባ የሚያዩ ሴቶች ይቀንስላቸዋል፤ ወንዶችና ያረጡ ሴቶች ያከማቻሉ። ጀሮም ሱሊቫን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1981 እ.ኤ.አ. ወንዶች በልብ ሕመም ቀድመው የሚያዙት በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብ አቅርቧል። የበዛ ብረት የደም ሥርን የሚያላላውን ናይትሪክ ኦክሳይድ እንዲቀንስ ያደርጋል ተብሎ ይታሰባል። ሥሩ ሲደድር ግፊቱ ይጨምራል። ነገር ግን ውፍረት፣ ስኳርና የጉበት ስብ የብረቱንም የግፊቱንም ቁጥር አንድ ላይ ከፍ ያደርጋሉ፤ ሁሉንም በብረት ማሳበብ አይቻልም።

1. መጀመሪያ ግፊቱን በደንብ ይለኩ

ሊፍት በሌለው ሕንጻ አራተኛ ፎቅ ወጥተው፣ እያለከለኩ በጃኬት ላይ የተለካ ቁጥር አይታመንም። ከመለካትዎ በፊት ለ30 ደቂቃ ቡናና ሲጋራ ይተዉ፤ ሽንት ቤት ይሂዱ። ጀርባዎን አስደግፈው፣ እግርዎን ሳያነባብሩ መሬት ላይ አሳርፈው 5 ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ። ክንድዎ ባዶ ይሁን፤ በልብዎ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። ጧትና ማታ ሁለት ሁለት ጊዜ፣ አንድ ደቂቃ እያሳለፉ፣ ለ7 ቀን ለክተው ደብተር ላይ ይጻፉ። የመጀመሪያውን ቀን ትተው የቀረውን አማካይ ያውጡ። ቤት ውስጥ 135/85 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍተኛ ነው። በየትኛውም ጊዜ 180/120 አልፎ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የአፍ መኮላተፍ ከመጣ ግን ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው።

2. ፌሪቲን ያስመርምሩ

«የደም ምርመራ» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። ፌሪቲን ሰውነት ውስጥ የተከማቸውን ብረት የሚያሳይ የደም ምርመራ ነው። ሄሞግሎቢን መሶብ ላይ ያለው እንጀራ ቢሆን፣ ፌሪቲን ጎተራው ውስጥ የቀረው እህል ነው። መሶቡ ሞልቶ ጎተራው ባዶ የሚሆንበት ጊዜ አለ። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች፣ ሄሞግሎቢናችን ቆላ ካለ ሰው ከፍ ይላል፤ ደህና የሚመስል ቁጥር ጉድለትን ሊሸፍን ይችላል።

ከፌሪቲን ጋር ሲአርፒ የሚባለው፣ ሰውነት ውስጥ እብጠት መኖሩን የሚያሳይ ምርመራ እንዲሠራልዎ ይጠይቁ። ፌሪቲን በኢንፌክሽንና በእብጠት ጊዜ ብረቱ ሳይበዛም ከፍ ይላል፤ ጉንፋን ይዞዎት ከሆነ እስኪሻልዎ ይቆዩ። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው መለኪያ የጤነኛ አዋቂ ፌሪቲን በሊትር ከ15 ማይክሮግራም በታች ከሆነ ጎተራው ባዶ ነው። የወር አበባ የምታይ ሴት ከ150፣ ወንድ ከ200 ካለፈ ክምችት ይጠረጠራል፤ አልኮልና የጉበት ስብም ግን ወደዚያ ያደርሱታል። ሐኪሙ ትራንስፈሪን ሳቹሬሽን (ደም ውስጥ ብረት የሚያጓጉዘው ፕሮቲን ምን ያህል በብረት እንደተሞላ የሚለካ ምርመራ) ካዘዘ፣ ብረቱ በእርግጥ መብዛቱን ሊለይ ፈልጎ ነው።

3. ማዕዱን በውጤቱ ያስተካክሉ

ክምችቱ ዝቅተኛ ከሆነ ሽሮና ምስር ላይ ሎሚ ወይም ቲማቲም ይጨምሩ፤ ከምሳ በኋላ የሚጠጡትን ቡና ለአንድ ሁለት ሰዓት ያዘግዩ። ጤፍ ብረት አለው፤ ከዚያ ከፊሉ አውድማ ላይ የተቀላቀለው አፈር ስለሆነ ሰውነት በቀላሉ አይወስደውም። የሊጡ መብላላት ግን ያግዛል። ከፍተኛ ከሆነ ክትፎና ጥሬ ሥጋውን፣ ከሁሉም በላይ መጠጡን ይቀንሱ። ግፊቱን በምግብ ለማውረድ ግን እኔ ከብረት በፊት ጨውን ነው የማስቀድመው፤ ወጥ ላይም፣ ሚጥሚጣ ውስጥም አለ።

ነፍሰ ጡር የታዘዘላትን ብረት ግፊቷ ጨመረ ብላ አታቁም፤ ሐኪሟን ትጠይቅ። የግፊት መድኃኒትም የፌሪቲን ውጤት አይቶ አይቆምም።

4. ደም መቀነስ ይጠቅማል?

በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በርሊን ውስጥ 64 የሜታቦሊክ ሲንድሮም (የሆድ ውፍረት፣ የግፊት፣ የስኳርና የደም ስብ ችግር አንድ ላይ ሲገኝ) ሕሙማን ላይ የተደረገ ሙከራ አለ። ከሰውነታቸው ደም የተቀዳ ሰዎች የላይኛው ግፊት በ6 ሳምንት ውስጥ በአማካይ ከ148 ወደ 130 ገደማ ወርዷል። ሙከራው ትንሽ ነው፤ ሕሙማኑም ደም መቀዳታቸውን ያውቁ ነበር። በዚህ ተነስቶ ዋግምት መሄድ ግን አደጋ ነው፤ ያልጸዳ ምላጭ የጉበት ቫይረስና ኤችአይቪ ያስተላልፋል።

ጎተራው ሞልቶ ግፊቱ በቁጥጥር ሥር ያለ ሰው፣ ሐኪሙ ከፈቀደለት፣ ስታዲየም አካባቢ ወዳለው ደም ባንክ መሄድ ይችላል። ዕድሜው ከ18 እስከ 65፣ ክብደቱ 45 ኪሎና ከዚያ በላይ ይሁን፤ በየ3 ወሩ ይለገሳል። 450 ሚሊሊትር ደም ከ200 እስከ 250 ሚሊግራም ብረት ይዞ ይወጣል። ምግብ በልተው፣ ውኃ ጠጥተው ይሂዱ፤ የሚወስዱትን መድኃኒት ስም ጽፈው ይያዙ፤ እዚያ ግፊትዎን ለክተው ዛሬ አይሆንም ካሉዎት አይከራከሩ፣ ደብተርዎን ይዘው ሐኪምዎ ጋ ይመለሱ።