አሮጌ የኮምፒውተር ሞኒተሮችንና መለዋወጫዎቻቸውን እንዴት መሰብሰብና መጠቀም ይቻላል?

አሮጌ ሞኒተር ሲያጋጥመው ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ፊቱን ነው፤ መስታወቱ ተጭሮ እንደሆነ፣ ስፋቱ ስንት ኢንች እንደሆነ። ልምድ ያለው ሰብሳቢ ግን ዕቃውን አዙሮ ጀርባውን ያያል። የሞኒተሩ ዕድሜ፣ ከየትኛው ኮምፒውተር ጋር ይሠራ እንደነበርና ዛሬ ካለዎት መሣሪያ ጋር ለማገናኘት ምን ያህል ድካም እንደሚጠይቅ ከጀርባው መሰኪያ ይታወቃል። ፊቱ ያማረ፣ ነገር ግን ምልክት የሚልክለት መሣሪያ የሌለው ሞኒተር ቦታ ከማጣበብ በቀር ሥራ የለውም። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መሰኪያውን ይለዩ

በሦስት ረድፍ የተደረደሩ 15 ቀዳዳዎች ያሉት፣ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ የሆነው መሰኪያ ቪጂኤ ነው። አይቢኤም በ1987 ፒኤስ/2 ከተባሉት ኮምፒውተሮቹ ጋር ያወጣው ሲሆን ከዚያ በኋላ ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይ በየኮምፒውተሩ ጀርባ ሲገኝ ኖሯል። ለጀማሪ ሰብሳቢ ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም፤ ገመዱም መቀየሪያውም ብዙ ሳይለፉ ይገኛል።

ባለ 9 እግሩ መሰኪያ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በ1980ዎቹ ኤምዲኤ፣ ሲጂኤ እና ኢጂኤ የተባሉት የአይቢኤም የማሳያ ደረጃዎች በመልክ አንድ ዓይነት በሆነ መሰኪያ ይጠቀሙ ነበር፤ በውስጡ የሚያልፈው ምልክት ግን ለየቅል ነው። ሞኒተሩ በሴኮንድ ስንት ሺህ አግድም መስመሮች እንደሚስል በኪሎኸርዝ ይለካል፤ ሲጂኤ ወደ 15.7፣ ኤምዲኤ ወደ 18.4፣ ኢጂኤ ደግሞ በከፍተኛ ጥራቱ ወደ 21.8 ኪሎኸርዝ ይጠቀማል። አረንጓዴ ጽሑፍ የሚያሳየውን አይቢኤም 5151 ሞኒተር ከሲጂኤ ካርድ (በኮምፒውተሩ ውስጥ ሆኖ ምስሉን ለሞኒተሩ ከሚልከው ሰሌዳ) ጋር ማገናኘት ሞኒተሩን ሊያቃጥለው ይችላል። የኋለኞቹ ሞኒተሮች የማይችሉት ምልክት ሲመጣባቸው ከአቅማቸው በላይ መሆኑን ጽፈው ይጨልማሉ፤ ያኛው ግን እንዲህ ያለ መከላከያ የለውም። ስለዚህ መሰኪያው ስለገባ ብቻ ማብሪያውን አይጫኑ። የሞዴሉን ቁጥር ከጀርባው ያንብቡና ከካርዱ ጋር ያመሳክሩ።

ቪጂኤ ሞኒተሮችም የራሳቸው ወሰን አላቸው። አብዛኞቹ ከ31 ኪሎኸርዝ ገደማ በታች ያለ ምልክት አይቀበሉም፤ አሚጋን የመሳሰሉ የቤት ኮምፒውተሮች ደግሞ የሚልኩት ወደ 15 ኪሎኸርዝ የሚጠጋ ምልክት ነው። ለእነዚህ እንደ ኮሞዶር 1084 ያለ በዘመናቸው የተሠራ ሞኒተር፣ አለዚያም መስመሮቹን እጥፍ የሚያደርግ መቀየሪያ ያስፈልጋል። በነገራችን ላይ በ15 ኪሎኸርዝ የሚሠራ ሞኒተር ሲበራ ቀጭን ፉጨት ያሰማል፤ ልጆችና ወጣቶች ጥርት አድርገው ይሰሙታል፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ግን ጨርሶ ላይሰሙት ይችላሉ።

በጠፍጣፋ ሞኒተሮች ላይ የሚገኘው ነጭ፣ ሰፊ መሰኪያ ዲቪአይ ሲሆን የወጣው በ1999 ነው። በአንዱ ዳር ያለችውን ጠፍጣፋ ቀዳዳ ልብ ብለው ይዩ። ከላይና ከታች አራት ትንንሽ ቀዳዳዎች ከከበቧት መሰኪያው የቪጂኤን ዓይነት አናሎግ ምልክትም ያስተላልፋል ማለት ነው። በኮምፒውተሩ ካርድ ላይ ያለው እንዲህ ከሆነ ርካሽ መጋጠሚያ ብቻ ቪጂኤ ሞኒተር ለማገናኘት ይበቃል። ጠፍጣፋዋ ለብቻዋ ከሆነች ግን ምልክቱ ዲጂታል ብቻ ነው። ከኤችዲኤምአይ ወደ ዲቪአይ የሚሄድ ተራ ገመድ ያለ ችግር ይሠራል፤ ድምፅ ግን አይጠብቁ። አንዳንድ ቀደምት ዲቪአይ ሞኒተሮች የቅጂ መከላከያውን ሥርዓት ስለማያውቁ የተከራዩት ፊልም በጥቁር ስክሪን ሊያፈጥብዎት ይችላል። ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ ለመሄድ ደግሞ ተራ ገመድ አይበቃም፤ በውስጡ ምልክቱን የሚለውጥ ኤሌክትሮኒክስ ያለው መቀየሪያ መሆን አለበት።

ቱቦ ወይስ ጠፍጣፋ?

ከኋላው ወፍራም የሆነው፣ በመስታወት ቱቦ የሚሠራው ሞኒተር ሲአርቲ ይባላል። ቦታ ይፈጃል፣ ይከብዳል፣ መብራት ይበላል። ያም ሆኖ በሁለት ነገር እስከ ዛሬ የሚፎካከረው ጥቂት ነው፤ የሚንቀሳቀስ ምስል አይደበዝዝበትም፣ የፒክሰል ብዛቱም በአንድ ልክ ያልተወሰነ በመሆኑ ዝቅተኛ ጥራት ያለው የድሮ ጨዋታ አምሮ ይታይበታል። በብርሃን ጠመንጃ የሚተኮስባቸው የድሮ ጨዋታዎች ምስሉ በቱቦው ላይ በሚሳልበት ቅጽበት ላይ የተመሠረቱ ስለሆኑ በጠፍጣፋ ሞኒተር አይሠሩም። ስፋትን በተመለከተ 17 ኢንች ተብሎ የተሸጠ ሲአርቲ የሚታየው ክፍል ወደ 16 ኢንች ይጠጋል፤ ቀሪው በክፈፉ ተሸፍኗል።

የሶኒ ትሪኒትሮን ቱቦ ያለበት ሞኒተር ካገኙ ነጭ ምስል ከፍተው በቅርበት ይመልከቱ። ስክሪኑን አግድም የሚያቋርጥ አንድ ወይም ሁለት ፀጉር የመሰለ ጥላ ይታያል። ብዙ ሰው ስንጥቅ ወይም ብልሽት መስሎት ዕቃውን ትቶ ይሄዳል። ጥላው ቀለማቱን የሚለዩት ቀጫጭን ቁመታዊ ሽቦዎች እንዳይርገበገቡ የሚይዛቸው የሌላ ሽቦ ጥላ ነው። እንዲያውም ቱቦው እውነተኛ ትሪኒትሮን ወይም በዚያው መንገድ የተሠራ ለመሆኑ ምልክት ነው።

ጠፍጣፋዎቹ የሚፈለጉት በሌላ ምክንያት ነው። 1280 በ1024 ፒክሰል ያላቸው ባለ 17 እና ባለ 19 ኢንች ሞኒተሮች ለጽሑፍ ሥራ ዛሬም ምቹ ናቸው። በ2001 የወጣው አይቢኤም ቲ221 ደግሞ በ22.2 ኢንች ላይ 3840 በ2400 ፒክሰል ያሳይ ነበር፤ ዘመኑን ቀድሞ የመጣ ዕቃ ነው፤ አንዱን ምስል ለመሙላት ግን ከአንድ በላይ ገመድ ሊፈልግ ይችላል። በእኔ አስተያየት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰበስብ ሰው አንድ ጥሩ ሲአርቲና አንድ ባለ 19 ኢንች ጠፍጣፋ ከያዘ በቂው ነው። አሥር ሞኒተር ደርድሮ አንዱንም አለማብራት ስብስብ አይባልም።

ሳይፈትኑ አይውሰዱ

ሞኒተሩን አብርተው ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ይተዉት። ብዙ ብልሽት ራሱን የሚያሳየው ዕቃው ሲሞቅ ነው። ከማብራትዎ በፊት ግን የኤሌክትሪክ መለያውን ያንብቡ፤ አንዳንድ አሮጌ ዕቃዎች ለ110 ቮልት ብቻ የተሠሩ ስለሆኑ 220 ቮልት ላይ ቢሰኩ ወዲያው ይቃጠላሉ።

ሲአርቲ ሲበራ «ድም» የሚል ድምፅ ቢያሰማና ምስሉ ለአፍታ ቢንቀጠቀጥ አይደንግጡ፤ በቱቦው ላይ የተጠራቀመውን ማግኔት የሚያጠፋው ጥቅል ሽቦ ሥራውን እየሠራ ነው። ማዕዘኖቹ ላይ ሐምራዊ ወይም አረንጓዴ እድፍ ካለ ከሜኑው ውስጥ ማግኔት የማጥፊያውን ትእዛዝ ይፈልጉ፤ አጠገቡ ድምፅ ማጉያ ካለም ያርቁት። ሞኒተሩ ጠፍቶ ሳለ የድሮ ሜኑ ጥላ በመስታወቱ ላይ ከታየ ፎስፈሩ (ከመስታወቱ በስተውስጥ የተቀባው፣ ብርሃን የሚሰጠው ነገር) ተቃጥሏል፤ ይህ አይድንም። ብሩህነቱን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርገውም ምስሉ ድንግዝግዝ ካለ ቱቦው አርጅቷል።

በጠፍጣፋዎች ላይ በብዛት የሚያጋጥመው ሌላ ነው። ምስሉ ለሁለት ሴኮንድ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፣ ማብሪያው ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ግን እንደበራች ትቀራለች። ክፍሉን አጨልመው የእጅ ባትሪ በስክሪኑ ላይ ሰያፍ አድርገው ያብሩ። የጽሑፍና የምስል ጥላ በደብዛዛው ከታየዎት ፓነሉ ደህና ነው፤ የሞተው የጀርባ መብራቱ ወይም መብራቱን የሚመግበው ኢንቨርተር ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በተሠሩት ላይ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው አናታቸው ያበጠ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ትንንሽ ክፍሎች) ናቸው። የሚበይድ ሰው ካለ በትንሽ ወጪ ይቀየራሉ፤ እንዲህ ያለ «የሞተ» ሞኒተር በነፃ ከተሰጠዎት መውሰዱ አይጎዳም። ስክሪኑ ወደ ቢጫ ወይም ወደ ሮዝ ካደላና ለመድመቅ ብዙ ደቂቃ ከፈጀበት ግን መብራቱ አርጅቷል።

አሸካከምና ጥንቃቄ

የሲአርቲ ክብደት ያለው ከፊት፣ ከመስታወቱ በኩል ነው። ስለዚህ መስታወቱን ወደ ደረትዎ አዙረው ይሸከሙት። ትልልቆቹን ብቻዎን አይሞክሩ፤ ባለ 24 ኢንቹ ሶኒ ኤፍደብሊው900 ከ40 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። በመኪና ሲጫን መስታወቱን ወደ ታች አድርገው ወፍራም ብርድ ልብስ ላይ ያስተኙት።

ቀፎውን አይክፈቱ። በቀለም ሲአርቲ ውስጥ ያለው ቮልት 25,000 ገደማ ሲሆን ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ቱቦው ውስጥ ሊቆይ ይችላል። የቱቦው አንገት ቀጭን ነው፤ ውስጡም አየር የለውም፤ ከተመታ ወደ ውስጥ ፈንድቶ ስብርባሪው ይበተናል። ይህን ሥራ የሚችል ባለሙያ አለ፤ ለእሱ ይተዉት።

መለዋወጫዎቹን አብረው ይያዙ

ሞኒተር ከባለቤቱ ሲለያይ መጀመሪያ የሚጠፉት ትንንሾቹ ዕቃዎች ናቸው፤ የኃይል አዳፕተሩ፣ መቆሚያው፣ የመቆሚያው ብሎኖች። ሲረከቡ እነዚህን አንድ በአንድ ይጠይቁ። አዳፕተር መተካት ካስፈለገ ቮልቱ አንድ መሆን፣ አምፔሩ ከተጻፈው አለማነስ፣ የአዎንታዊና የአሉታዊ አቀማመጡም መመሳሰል አለበት። መቆሚያው ከጠፋ የጀርባውን አራት የብሎን ቀዳዳዎች ይለኩ፤ ርቀታቸው 75 ወይም 100 ሚሊ ሜትር ከሆነ መደበኛ ክንድ ይገጥማቸዋል።

ኪቦርድ ላይ የመሰኪያው ነገር እንደገና ይመጣል። ትልቁ ክብ ባለ 5 እግር መሰኪያ በመጀመሪያዎቹ ፒሲዎችም ሆነ ከ1984 ጀምሮ በመጡት፣ ኤቲ በተባሉት የአይቢኤም ኮምፒውተሮች ላይ ይገኛል፤ የሁለቱ ኪቦርዶች ግን አይግባቡም። ትንሹ ክብ ባለ 6 እግሩ ፒኤስ/2 ሲሆን በኋላ ላይ ሐምራዊው ለኪቦርድ፣ አረንጓዴው ለማውስ ሆኗል። ኮምፒውተሩ በርቶ ሳለ አይንቀሉት፣ አይሰኩትም። ወደ ዩኤስቢ ለመቀየር ትንሿ ርካሽ መጋጠሚያ የምትሠራው ሁለቱንም እንዲያውቁ ተደርገው ለተሠሩ ኪቦርዶች ብቻ ነው። በ1985 የወጣውን ባለ ስፕሪንጉን የአይቢኤም ሞዴል ኤም ለማገናኘት ውስጡ ኤሌክትሮኒክስ ያለው መቀየሪያ ይግዙ። ሲጫኑት የሚሰማው ቀጭታ ጎረቤት ያስቆጣ እንደሆነ እንጂ በዚያ ኪቦርድ የጻፈ ሰው ወደ ሌላ መመለስ ይከብደዋል። ባለ ኳስ ማውስ ሲንገታገት ደግሞ አልተበላሸም፤ ከታች ክዳኑን አዙረው ኳሷን ያውጡና በውስጥ ባሉት ትንንሽ ዘንጎች ላይ የተጠቀለለውን ቆሻሻ በጥፍርዎ ይፋቁ።

ማጽዳትና መጠቀም

መስታወቱን በውኃ በረጠበ ለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉ። አሞኒያ ወይም አልኮል ያለበት የመስኮት ማጽጃ ነጸብራቅ የሚቀንሰውን ሽፋን ሊልጠው ይችላል። የቀፎው ፕላስቲክ ወደ ቢጫ የሚለወጠው በፀሐይና በሙቀት ነው፤ በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የሚያነጡ ሰዎች አሉ፤ ሆኖም ነጣ ጠቆር ያለ መስመር ሊተውና ውሎ አድሮ ሊመለስ ስለሚችል እኔ እንዳለ መተዉን እመርጣለሁ።

ምስሉ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚታደስ በኸርዝ ይለካል፤ ሲአርቲ ላይ 60 ኸርዝ ዓይን ያደክማል፤ ሞኒተሩ ከቻለ 85 ላይ ያድርጉት። ከ1990ዎቹ አጋማሽ በፊት የተሠራ ከሆነ ችሎታውን ለኮምፒውተሩ የሚናገርበት መንገድ ላይኖረው ስለሚችል ጥራቱንና ፍጥነቱን በእጅዎ ያስተካክሉ፤ ከ640 በ480 በ60 ኸርዝ ቢጀምሩ ይሻላል። የድሮ ጨዋታ በ320 በ200 ከተሠራ ምስሉ የታሰበው 4 ለ3 በሆነ ስክሪን ላይ ተለጥጦ እንዲታይ ነው፤ በሰፊ ሞኒተር ላይ ሳይለጠጥ ከታየ ሰዎቹ ድንክ ይሆናሉ። ብሩህነቱን እስከ ጫፍ አያድርሱ፤ የማይንቀሳቀስ ምስልም ለሰዓታት አይተዉበት። በማይሠሩበት ጊዜ ከፀሐይና ከእርጥበት አርቀው ቀጥ አድርገው ያስቀምጡት፤ በየጥቂት ወሩም ለአንድ ሰዓት ያህል ያብሩት። ለየሞኒተሩ የሚሆነውን ገመድ፣ መቀየሪያና አዳፕተር በአንድ ከረጢት አድርገው የሞዴሉን ቁጥር ይጻፉበት።

ጨርሶ የሞተውን ከመጣልዎ በፊት ገመዱን፣ መቆሚያውንና ብሎኖቹን ያስቀሩ። ቱቦውን ግን አይስበሩት፤ መስታወቱ ውስጥ እርሳስ አለ። የአሮጌዎቹ ጠፍጣፋዎች መብራትም ሜርኩሪ ይዟል። ሁለቱም መሄድ ያለባቸው የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ወደሚረከብ ቦታ ነው።